የውሃ ሽታ

ሌሊቱን ካርቶን ስቆርጥ፣ ሙጫ ስቀባ አመሸሁ፤
ከአንድ እስከ አምስት፣ በቀይ ቀለም፣ ቁጥር ጻፍሁ፤
«ነገ መቁጠር ይማራሉ» ብዬ ለራሴ ነግሬ ተኛሁ።

ኮኮላ ላይ በጥቅምት፣ ቀኑ አርፍዶ ነው የሚነጋ፤
ውርጭ ግቢውን ነክሶት አድሮ፣ ኩሬው እንደ ቅቤ ረጋ።
ኦይቫ በሩን በትከሻው ገፋ፤ ገባ ቃል ሳይተነፍስ፣
በሁለት እጁ አንዳች ይዞ፣ እንደ ሞላ ጽዋ እንዳይፈስ።
በረዶ ናት፤ የድስት ክዳን የምታህል፤
በሆዷ ውስጥ የተኛችባት አንዲት ቢጫ ቅጠል።
«ቱሊኪ፣ መስኮት አገኘሁ!» አለና አነሣት ወደ መብራት፤
ከወዲያ ማዶ አየኝ ዓይኑ፣ ገዝፎ፣ ቅጠል በቅሎበት።

ካርዶቼን ከቦርሳ አወጣሁ። «አንድ»ን ከፍ አድርጌ አሳየሁ።
ማንም አላየኝም። መልሼ ከተትሁ።

«ብርድ ነው እንዲህ ያደረቃት» አለች ሂላ በጣቷ ነክታ፤
«እንግዲያው ትሙቅ!» አለች ኬርቱ፣ አሻንጉሊቷን ከአልጋ ገፍታ።
በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቀለሏት፤ ትራስም አበጁላት፤
ኦይቫ ጎንበስ ብሎ፣ «እመጣለሁ፤ ትንሽ ተኚ» አላት።

የሚሆነውን ዐውቃለሁ። ቃሉ ጥርሴ ሥር ደርሷል።
ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስረዳ የኖረ ምላስ
ዝም በል ሲሉት ያሳክካል።
ሻይ ጠጣሁበት።

ከቀትር እንቅልፍ ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ገለጠ።
የለችም።
ቅጠሏ ብቻ፣ ከረጠበው አንሶላ ላይ ተለጥፋ፤
መስኮቲቱ የውሃ ሽታ ሆናለች፣ ከነክፈፏ ጠፍታ።

«ሌባ!» ጮኸ ቶይቮ። ወዲያው አውጫጭኝ ተቀመጠ፤
ምንጣፉ ላይ፣ ክብ ሠርቶ፣ ሕፃን ሁሉ አፈጠጠ።
«አሻንጉሊቷ ናት፣ ሸንታ ነው!» አለች ኬርቱ በቁጣ፤
ተገለበጠች፣ ተዳሰሰች፤ ደረቅ ናት፤ ነጻ ትውጣ!
«እንግዲያው አንዱ በልቷታል፤ የበላ ምላሱ ይቀዘቅዛል፤
ምላስ አውጡ!» አለ ቶይቮ፤ አመልካች ጣቱን ቀስሯል።
ተሰለፉ በየተራ፤ ምላስ አንድ፣ ምላስ ሁለት፣
የራሱንም ሳይረሳ፣ እየነካ በዚያችው ጣት፣
ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ… «የለም፣ ስምንት አለ ከመሐሉ!»
ዐሥር ደርሶ ወደ እኔ ዞረ፤ «ያንቺስ? ያንቺስ?» አሉ ሁሉ።

(ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቁጥር አምስት ላይ ነው የሚያልቀው።)

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ አላስቻለኝም።
«ልጆች፣ በረዶ ሲሞቅ እኮ…» ብዬ አፌን ስከፍት፣
«ምላስሽን!» አለኝ ቶይቮ።
አወጣሁት።
ምላሱን ያወጣ ሰው ደግሞ ማስረዳት አይችልም።
ቆምሁ እንደዚያው፣ እንደ ተከሳሽ፣ ጉልበቴን አጥፌ፤
የቶይቮ ጣት ጨው ጨው ይላል፤ መልሱ ቀረ ከአፌ።
«ትኩስ ነው» ተባለልኝ።
ዐሥራ አንድ።

ብርድ ልብሱን የጨመቀችው ሂላ ናት፣ ማንም ሳያዛት፤
ከኩባያው ጠብ… ጠብ… ጠብ… ሲል፣ መጡና ከበቧት።
ኦይቫ አፍንጫውን ከትቶ ብዙ ቆየ።
«ምን ምን ይላል?» አለችው።
«ኩሬ ኩሬ» አለ።
ደግሞ አሸተተ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።
«እሷን እሷን።»

ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ሊጨልም ሲል፣ እናቱ ልትወስደው መጣች፤
ከጃኬቱ ዚፕ እየታገለች፣ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለች።
እጄ ከቦርሳዬ ገብቶ የካርዶቼን ጠርዝ ዳበሰ።
«ሌባ ስንፈልግ ዋልን» አልኋት።
«ተያዘ?»

ኦይቫ በጓንቱ ወደ ደረጃው አመለከተ፤
ኩባያው እዚያ ተቀምጧል፣
ቅጠሏ ተመልሳበት፣ ለውርጩ ፊቱን ሰጥቶ።
«አልጠፋችም» አለ። «ውጭ አስተኝተናታል።
ዛሬ ብርድ ልብስ አላለበስናትም።»